እማዬ ዋይት ሀውስን አየች፤ ከዚያስ?

የእማዬ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ወገኖች። ምክር ፈልጌ ነው። እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታለች። ቪዛዋ የወጣው ከስንት መከራ በኋላ ስለሆነ አንድም ቀን እንዲባክንባት አልፈልግም። በመጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ እዚሁ ጎረቤታችን ዋሽንግተን ዲሲ ወስጄ ዋይት ሀውስን፣ የሊንከንን ሐውልት፣ ካፒቶልን አሳየኋት። ፎቶ ተነሳን። ማታ ጫማዋን እያወለቀች «ደግ ነው፤ ነገስ?» አለችኝ። ነገ ሥራ ነው። ከነገ ወዲያም ሥራ ነው።

እዚህ 11 ዓመት ኖሬያለሁ። ሳስበው ግን የማውቀው ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት፣ እሁድ ቤተክርስቲያን፣ ሲመለሱ የሐበሻ ግሮሰሪ ነው። እንግዳ ሲመጣ ኒውዮርክ ወይም ናያጋራ ይኬዳል። እሱ ደግሞ ሆቴል አለው፣ ነዳጅ አለው፣ ከሥራ ፈቃድ መለመን አለው። እማዬም መኪና ውስጥ ብዙ ስትቀመጥ እግሯ ያብጣል።

ቅርብ የሆነ፣ ግርግር የሌለበት፣ ትንሽ ወጣ ያለ ነገር የምታውቁ ጠቁሙኝ። ገበያ አዳራሽ አትበሉኝ፤ ሁሉንም ጨርሰናል።

የሌሊት ሾፌር (አሌክሳንድሪያ)

እህቴ፣ እንኳን ከእናትሽ ጋር አገናኘሽ። እኔ 9 ዓመት ኡበር ነድቻለሁ። እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ አሮጌው ሰፈር ኦልድ ታውን ውስጥ፣ ኩዊን የሚባለው ጎዳና ላይ ስንቴ እንዳለፍኩ አልቆጥረውም። አንድ ቀን አንዲት ተሳፋሪ «እዚህ ጋ አቁምልኝ፣ ቤቱን ፎቶ ላንሳው» አለችኝ። የቱን ቤት ብዬ ዞር ስል ሁለት ቤቶች መሃል የተሰነቀረ ሰማያዊ ቤት አየሁ። ስፋቱ 7 ጫማ ነው። ከሁለት ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። አልጋ በቁም ካላስገቡት በቀር የት እንደሚዘረጉት እንጃ።

በ1830 ጆን ሆለንስበሪ የሚባል ሰው ነው ያሠራው። ከቤቱ ጎን ባለችው ቀጭን መተላለፊያ ጋሪውም ሥራ ፈቱም እየገባ አላስቀምጥ አለው። ሰውዬው ጠብ አላነሳም፤ መተላለፊያዋን በቤት ደፈናት። ፈረንጆቹ «የእልህ ቤት» ነው የሚሉት። እልህ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር! ውስጥ ግድግዳው ላይ የጋሪ ጎማ የፋቀው ጠባሳ እስከ ዛሬ አለ ይባላል። ሰው የሚኖርበት ቤት ስለሆነ ከውጭ አይቶ ማለፍ ነው።

መኪና ስታቆሚ ግን ምልክቱን እስከ ታች አንብቢው። እኔ በእረፍቴ ቀን ልጄን ላሳያት ሄጄ ቲኬት በላሁ። ለ7 ጫማ ቤት!

ነርሷ

አንቺ ልጅ፣ ከቤትሽ ምን አስወጣሽ? የምትኖሪው ሲልቨር ስፕሪንግ አይደል? ስሙ «የብር ምንጭ» ማለት ነው። ምንጩን አይተሽው ታውቂያለሽ?

ኢስት ዌስት ሀይዌይ ላይ፣ ከባቡር ጣቢያው በእግር የምትደርሺበት፣ ኤኮርን ፓርክ የሚባል አንድ ክንድ የምታህል መናፈሻ አለ። በ1840 ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር የሚባል የጋዜጣ ሰው በፈረስ ሲያልፍ ምንጭ አገኘ። አሸዋው ውስጥ የሚያብለጨልጭ ማዕድን ስለነበረበት ውሃው ብር መሰለው። እዚያው አጠገብ ርስት ገዛ፤ ሰፈሩም ስሙን ከዚያ አገኘ። ልጆቻችን የሚማሩበት ሞንትጎመሪ ብሌር ሃይስኩል የተሰየመው በልጁ ነው። ልጅየው የሊንከን የፖስታ ሚኒስትር ነበር። ዋይት ሀውስ ፊት ለፊት የመንግሥት እንግዶች የሚያርፉበት ብሌር ሀውስም የዚሁ ቤተሰብ ነበር።

ምንጩ ከደረቀ ቆይቷል፤ እንዳትቆጪኝ። በባርኔጣው የተደፋ ለውዝ የመሰለች ጎጆ ግን አለች። ደብረ ብርሃን የመጣች እናት «አዲስ አበባም እኮ ከፍልውሃ ነው የተነሳችው» ማለቷ አይቀርም።

ሌላም ልጨምርልሽ፣ ጨጓራዋ ከቻለ። እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ የጤናና የሕክምና ሙዚየም አለ። በ1862 በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ የተጀመረ ነው። ሊንከንን የገደለችው ጥይት እዚያ ነው ያለችው። ሐውልቱን ሚሊዮን ሰው ያያል፣ ጥይቷን ግን ብቻችሁን ታዩዋታላችሁ። መግቢያው ነጻ ነው። ከምሳ በፊት እንጂ በኋላ አትሂዱ።

ብሩክላንድ

እናትሽ ቤተክርስቲያን ሳሚ ከሆኑ የፍራንሲስካኖችን ገዳም አትለፉት። ቤተክርስቲያኑ የተሠራው በ1899 ነው። የቤተልሔሙን ዋሻ፣ የናዝሬቱን፣ የጌታን መቃብር አስመስለው ሠርተውታል። ባሕር ተሻግሮ ኢየሩሳሌም መሄድ የማይችል አሜሪካዊ እዚሁ እንዲሳለም ታስቦ ነው። ከምድር በታች ደግሞ እንደ ሮም ክርስቲያኖች መቃብር የተሠራ ዋሻ አለ። እዚያ የሚገባው ከአስጎብኚ ጋር ነው፤ ጠባብና ጨለምለም ያለ ስለሆነ ክንዳቸውን ያዢላቸው። ካልፈለጉ አትክልቱ ቦታ ብቻውን ይበቃል። በሬድ ላይን ባቡር ብሩክላንድ ወርደሽ በእግር ነው።

ቀልደኛው (ላውረል)

ኮፒ ኢየሩሳሌም? እማማ አገር ገብተው «ኢየሩሳሌም ተሳልሜ መጣሁ» ቢሉ ማን ሊጠየቅ ነው?

ብሩክላንድ

ወንድሜ፣ ላሊበላ ውስጥ የሚያልፈው ወንዝ ስሙ ማን ነው? ዮርዳኖስ። ስለዚህ ዝም።

ቀልደኛው (ላውረል)

ተረታሁ።

የሦስት ልጆች እናት (ዉድብሪጅ)

እኔ ልጆች ስላሉኝ ምክሬ ለአያት አይሆንም፣ ግን ሌሎች ያንብቡት። ካልቨርት ክሊፍስ፣ ደቡብ ሜሪላንድ። ባሕር ዳር ቁጭ ብላችሁ አሸዋ ውስጥ የሻርክ ጥርስ ትለቅማላችሁ። ከ10 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ የእውነት ጥርስ! ቦታው ያኔ ባሕር ነበር። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ባሕሩ 1.8 ማይል በጫካ ውስጥ ይኬዳል። ርቀቱን የሚጽፉት ሰዎች ስለ መመለሻው አይናገሩም። ትንሿ ልጄ ስትሄድ ሮጣ፣ ስትመለስ ጀርባዬ ላይ ተኝታ ነው። ገደሉ ስለሚናድ ሥሩ መሄድ ክልክል ነው። 4 ጥርስ አገኘን፤ አንዱ የልብስ ማጠቢያው ውስጥ ጠፋ።

አዲስ ገቢ

ይቅርታ፣ እኔ ገና 7 ወሬ ነው፣ መኪና የለኝም። በባቡር የሚደረስበት ካለ?

ነርሷ

ኬኒልወርዝ ሂድ ወንድሜ። ዲንዉድ ጣቢያ ወርደህ ትንሽ በእግር ነው። የውሃ ላይ አበባ ያለበት ኩሬ ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ አንድ እጁን ያጣ ሰው ነው በ1880ዎቹ የጀመረው፤ በኋላ ልጁ አስፋፋችው፤ መንግሥት የገዛው በ1938 ነው። ሎተሱ የሚያብበው ሐምሌ ላይ ነው። ቅጠሉ እንደ ሰፌድ ሰፊ ነው። በጠዋት ድረስ፤ ፀሐይ ከበረታች አበባው ይከደንብሃል። እኔ ከሌሊት ፈረቃ ስወጣ እዚያ ቁጭ ብዬ ነው እንቅልፌን የማባብለው። ገንዘብ አይጠየቅም።

ጋሼ ካርታ (ፎልስ ቸርች)

ልጆች፣ ቆይቼ ነው ያየሁት። ሁላችሁም ጥሩ ተናግራችኋል፤ ግን ዋናውን ረሳችሁት። ድንጋዮቹን።

ዲሲ መጀመሪያ ሲከለል አራት ማዕዘን ነበር፤ አንዱ ጎን 10 ማይል። ዳር ዳሩን በየአንድ ማይሉ ድንጋይ ተተከለ። በቨርጂኒያ በኩል በ1791፣ በሜሪላንድ በኩል በ1792። ድምሩ 40 ነው። 36ቱ ዛሬም አሉ። አንዱ መካነ መቃብር ውስጥ ነው። ታኮማ ያለው የሰው ቤት ደጃፍ ላይ ነው። የመጀመሪያው፣ የደቡቡ ማዕዘን፣ አሌክሳንድሪያ ጆንስ ፖይንት መብራት ቤት ሥር ነው። አንተ ሾፌሩ፣ በ495 አውራ ጎዳና ድልድዩን በተሻገርክ ቁጥር ከጎኑ ታልፋለህ። የሰሜኑ ማዕዘን ደግሞ ያችው ኢስት ዌስት ሀይዌይ ዳር ነው። ልጄ፣ ምንጩን አይታችሁ ወደዚያ ፈቀቅ ማለት ነው።

ሥራውን የመራው አንድሩ ኤሊኮት ነው። አብሮት ቤንጃሚን ባነከር ነበረ። ጥቁር፣ ከሜሪላንድ፣ ነጻ ሆኖ የተወለደ፣ ሥነ ፈለክን ራሱን በራሱ ያስተማረ። ዕድሜው ወደ 60 ነበር። በክረምት ብርድ ድንኳን ውስጥ ሌሊቱን ኮከብ እየለካ መነሻ ነጥቡን ያገኙት በእሱ እርዳታ ነው። በዚያው ዓመት የነጻነት አዋጁን ላረቀቀው ለጀፈርሰን ደብዳቤ ጻፈለት። «ሰው ሁሉ እኩል ተፈጠረ ብላችሁ ጽፋችሁ ወንድሞቼን በባርነት ትይዛላችሁ» የሚል መንፈስ ያለው ደብዳቤ ነው። እኔ ከምኖርበት አጠገብ ያለው ድንጋይ በስሙ ይጠራል። ኢስት ፎልስ ቸርች ጣቢያ ወርዳችሁ በእግር ትደርሳላችሁ። በ1915 ገደማ የሴቶች ማኅበር ለየድንጋዩ የብረት አጥር ሠራለት። 20 ዓመት በዚያ በኩል ውሻ ሳናፍስ የጋዝ ቧንቧ ይመስለኝ ነበር።

ቀልደኛው (ላውረል)

ጋሼ ይቅርታዎን፣ የላሊበላን አገር ትተው የመጡትን እናት ድንጋይ ልናሳይ ነው?

ጋሼ ካርታ (ፎልስ ቸርች)

አንተ መጥተህ እይ፣ ከዚያ ትናገራለህ።

የእማዬ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሁለት ሳምንት ጠፋሁ፤ እያዞርኳት ነበር። ሪፖርት ላድርግ።

የእልህ ቤቱን አየን። እማዬ «ሚስቱስ ምን አለች?» ብላ ብቻ አለፈች። የሊንከን ጥይት ይቅርባት አልኩ፤ የደም ግፊት አለባት።

ገዳሙን ወደደችው። የጌታ መቃብር ጋ ስትደርስ ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ አለች። ኮፒ ነው አልኳት። «እኔ የመጣሁት ለዋናው ነው» አለችኝ። ዝም አልኩ።

ማንም ያልጠቆመኝን አርቦሬተምም በራሴ አገኘሁ። ኒውዮርክ አቬኑ ዳር ያለ ሰፊ የዛፍ ቦታ ነው፤ ስንት ዓመት በአጠገቡ ሳልፍ አጥሩን ብቻ ነው የማየው። ሜዳ መሃል 22 ግዙፍ ዓምዶች ብቻቸውን ቆመዋል፤ ጣሪያ የላቸውም። በ1958 ካፒቶል ሲሰፋ ከፊት ለፊቱ የተነሱ ናቸው። እማዬ ዙሪያቸውን ዞራ «ቤቱን የት ወሰዱት?» አለች። እዚያው ውስጥ ጃፓኖች በ1976 የሰጡት የጽድ ዘመድ የሆነ ትንሽ ዛፍ አለ። ሳህን በመሰለ ማሰሮ ነው ያለው። ከ1625 ጀምሮ እየተከረከመ ያደገ ነው፤ የሂሮሺማን ቦምብም አልፏል። ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆሩ በፊት ማለት ነው አልኳት። ጠጋ ብላ «አንተ፣ እንዴት ነው ያላደግከው?» አለችው።

ከሁሉ ያስደነቃት ግን፣ ቀልደኛው ስማ፣ ድንጋዩ ነው።

የደረቀውን ምንጭ አይተን ወደ ሰሜኑ ማዕዘን ሄድን። የድንበር ድንጋይ ነው ስላት አጥሩን በሁለት እጇ ያዘች። አያቴ ከጎረቤታቸው ጋር በድንበር 14 ዓመት ተካሰዋል። ሰውዬው ሌሊት ሌሊት እየወጣ ድንጋዩን በክንድ በክንድ ያንፏቅቀው ነበር። እማዬ ልጅ ሆና ማሳ ዳር የምታድረው ያንን ልትጠብቅ ነው። ይህን በሕይወቴ ነግራኝ አታውቅም። 11 ዓመት ስልክ ስናወራ ስለ ቡና ዋጋ ነበር የምናወራው።

«ይሄንን ማንም አልገፋውም?» አለችኝ። ያነበብኩትን ነገርኳት። በ1846 ቨርጂኒያ የሰጠችውን መሬት መልሳ እንድትወስድ ተፈቀደላት፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ሁሉ ሄደ። ድንጋዮቹ ግን በዚያ ሰበብ አልተነሱም። ትንሽ አሰበችና «አገሩ ተገፋ እንጂ ድንጋዩ አልተገፋማ» አለች።

ከዚያ ወዲህ እረፍት የለኝም። ጠዋት ስነሳ ለብሳ ትጠብቀኛለች። እስካሁን 5 አይተናል። የባነከር ጋ ስንደርስ ጋሼ ካርታ መጥተው አስረዱን፤ ከእማዬ ጋር ስለ መሬት ይዞታ ሲያወሩ ሁለት ሰዓት ፈጁ። እኔ ቡና ልገዛ ሄጄ ስመለስ አንዳቸውም አላዩኝም። ቅዳሜ 3 ሰዓት ደግሞ ሌላ ልናይ እንወጣለን።

ጋሼ ካርታ (ፎልስ ቸርች)

የጠገበ ወግ ነበር። የአያትሽ ክስ እንዴት እንዳለቀ ሳይነግሩኝ ሄዱ።

ቀልደኛው (ላውረል)

እሺ፣ ቅዳሜ እኔም እመጣለሁ። በሐበሻ 3 ሰዓት ነው በፈረንጅ?

የእማዬ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

በሐበሻ 3 ሰዓት። የምንሄደው ታኮማ፣ የሰው ደጃፍ ላይ ያለው ጋ ነው። ችግሩ እማዬ «የሰው ደጅ ባዶ እጅ አይኬድም» ብላ ድፎ ዳቦ አቡክታለች። ከመንገድ ሆነን አይተን እንመለሳለን ብላት አልሰማችኝም። ባለቤቶቹ ወጥተው ቢጠይቁኝ ምን ልበላቸው?

ጋሼ ካርታ (ፎልስ ቸርች)

የድንበር ጎረቤት ነን በያቸው።