ከአፍጋኒስታን ሴት ተመራማሪዎች ጋር ስለምናቀርበው የጋራ የፕሮጀክት ሐሳብ፤ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ከአገራቸው ወጥተው በተለያዩ አገሮች ከሚሠሩ የአፍጋኒስታን ሴት ተመራማሪዎች ጋር ሆነን ለለጋሾች የምናቀርበው የፕሮጀክት ሐሳብ ረቂቅ ደርሷችኋል ብዬ አምናለሁ። ረቂቁ የሦስት ዓመት ሲሆን በፖሊሲ ጥናትና በሰላም ግንባታ ላይ ተከታታይ ሥልጠና፣ ዓመታዊ ጉባኤና አንድ የጥናት መድበል ይዟል፤ የምርምር ጥያቄዎቹም በአባሪ ተዘርዝረዋል። ለጠቅላላ ጉባኤው ከመቅረቡ በፊት እርማታችሁን በዚሁ እንድታሰፍሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ይሁን።

የጥናት ክፍል ተጠሪ፦
ክብርት ሰብሳቢ፣ ረቂቁን ያዘጋጁት ወገኖች ብዙ ደክመዋል፤ ሆኖም ከበጀቱ ትልቁ ድርሻ ለሥልጠና መመደቡን አልደግፈውም። ለመሆኑ የምናሠለጥነው ማንን ነው? ሐቢባ ሰራቢ በ2005 የባሚያን ግዛትን ሲረከቡ በአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት የግዛት አስተዳዳሪ ነበሩ። በሴፕቴምበር 2020 ዶሃ ላይ ከታሊባን ጋር ፊት ለፊት ከተቀመጡት 21 የሪፐብሊኩ (የያኔው የካቡል መንግሥት) ተደራዳሪዎች መካከል እሳቸውን ጨምሮ ፋውዚያ ኩፊ፣ ፋጢማ ጋይላኒና ሸሪፋ ዙርማቲ ነበሩበት፤ ኩፊ እንዲያውም ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በተተኮሰባቸው ጥይት ክንዳቸው ቆስሎ ሳለ ነው ወደ ድርድሩ የሄዱት። ወደ ምርምሩ ስንመጣ ደግሞ ማርያም ሳፊ በ2012 ካቡል ላይ የራሳቸውን የፖሊሲ ጥናት ድርጅት አቋቁመዋል፤ ከ2002 ጀምሮ የሠራውን የአፍጋኒስታን የምርምርና የግምገማ ተቋም ኦርዛላ ነማት መርተውታል። እነዚህን ሰዎች ስለ ጥናት ዘዴ ለማስተማር አዳራሽ መከራየት ለቀባሪው ማርዳት ነው።

የፈረሰው ዕውቀታቸው ሳይሆን የሚሠሩበት ቦታ ነው። ታሊባን ሥልጣን ከያዘ በኋላ የአገሪቱ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን በሜይ 2022 ተዘጋ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 20 ቀን ሴቶች ከዩኒቨርሲቲ ታገዱ፤ ከቀናት በኋላም መንግሥታዊ ባልሆኑ ድርጅቶች እንዳይሠሩ ተከለከለ፤ በኤፕሪል 2023 ክልከላው የተባበሩት መንግሥታትን ሴት ሠራተኞች ደረሰ። እንግዲህ በእነዚህ ድርጅቶች ውስጥ ቤት ለቤት እየዞሩ መረጃ ይሰበስቡ የነበሩት ሴቶች ዛሬ ሥራ አጥ ናቸው። ገንዘባችን ወደ ደመወዝ፣ በስማቸው ወደሚወጣ ኅትመትና ወደ መረጃ ጥበቃ ይዙር ስል ሐሳብ አቀርባለሁ።

የሂሳብ ሹም፦
ተጠሪዋ ያቀረቡትን በመርህ ደረጃ እቀበላለሁ። ነገር ግን ለጋሽ ሥልጠናን የሚወደው በከንቱ አይደለም፤ የተሳታፊዎች ፊርማ ያለበት ወረቀትና ፎቶግራፍ ከተያያዘለት ሪፖርቱ አለቀ ማለት ነው። (ሠልጣኙ ተኝቶ ይዋል አይዋል ማንም አይጠይቅም።) ደመወዝ እንክፈል ስንል ግን ጥያቄው የሚጀምረው ከባንክ ነው፤ ብዙ የውጭ ባንኮች ማዕቀቡን በመፍራት ወደ አፍጋኒስታን ገንዘብ ማስተላለፍ አይፈልጉም። አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው ሐዋላን ነው፤ እዚህ የሚከፈለው ገንዘብ ካቡል ሰራይ ሻህዛዳ ገበያ ባለው ወኪል በኩል ለተቀባዩ ይደርሳል። መንገዱ የታመነ ቢሆንም ለእኛ ኦዲተር የሚሆን ደረሰኝ ማግኘት ከባድ ነው፤ የተቀባይዋን ስም የያዘ ደረሰኝ ብናገኝ እንኳ ያ ወረቀት ራሱ ለእርሷ አደጋ ነው። ስለዚህ ስም በሌለው የመለያ ቁጥር መክፈል እንደሚፈቀድ ለጋሹ ከመፈራረማችን በፊት በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልን ይጠየቅ። እሺ ካላለ ሌላ ለጋሽ እንፈልግ።

የመስክ ጥናት ባለሙያ አባል፦
ጋሼ ያነሡት የመለያ ቁጥር ጉዳይ ለመረጃ አሰባሰቡም ይሠራል። በረቂቁ «በስልክ ቃለ መጠይቅ ይደረጋል» ተብሎ በአንድ መስመር ታልፏል፤ ሥራው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ስልኩ በብዙ ቤት የባል ወይም የወንድም ነው። ደዋይዋ ሴት መሆን አለባት፤ መጀመሪያ የምትጠይቀውም ስለ ፖለቲካ ሳይሆን አሁን መነጋገር ይመች እንደሆነ ነው። በመሐል ሰው ከገባ መላሿ ቀድመው የተስማሙበትን አንድ ተራ ቃል ትናገራለች፤ ደዋይዋም ወዲያው ስለ ዱቄት ዋጋ ወይም ስለ ልጆች ጤና ወደሚጠይቀው ሌላ ቅጽ ትሻገራለች። የመላሿ ስልክ ቁጥር ከመልሶቿ ጋር በአንድ ፋይል አይቀመጥም። ይህን ሁሉ ከእኛ ይልቅ እነርሱ ጠንቅቀው ያውቁታል፤ በ2021 የተጀመረው ቢሽናው የተባለው መድረክ የአፍጋኒስታን ሴቶችን አስተያየት በርቀት ሲሰበስብ ቆይቷል። በሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ ለሁለት ቀናት ያህል በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት መቋረጡንም አንርሳ፤ ስለዚህ በጊዜ ሰሌዳው ላይ የመጠባበቂያ ወራት ይጨመሩ።

አንድ አባል፦
ይቅርታ ይደረግልኝና አንድ ሐሳብ ልጨምር። በኖቬምበር 2022 ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመውን የእኛን ስምምነት በንጽጽር ብናስገባውስ? ከአፍሪካ ኅብረት ሦስት አሸማጋዮች አንዷ ፉምዚሌ ምላምቦ ንግኩካ ነበሩ፤ ፈራሚዎቹ ግን ሁለቱም ወንዶች ናቸው። አንባቢዎቻችን ጉዳዩን ይበልጥ የሚቀርቡት ይመስለኛል።

የጥናት ክፍል ተጠሪ፦
እህቴ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ራሱን የቻለ ጥናትም ይወጣዋል። እዚህ ካስገባነው ግን ከጥቂት ስብሰባ በኋላ ስለ ራሳችን ስናወራ እንገኛለን፤ የአፍጋኒስታን ሴቶችም የእኛ ጉዳይ መግቢያ ሆነው ይቀራሉ።

የሕግ ባለሙያ አባል፦
እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ በአባሪው የተዘረዘሩት የምርምር ጥያቄዎች ናቸው። የዶሃን ነገር መለስ ብለን እንመልከት። አሜሪካና ታሊባን በፌብሩዋሪ 29 ቀን 2020 የተፈራረሙት ሰነድ ስለ ሴቶች አንዲት ቃል የለውም፤ የካቡል መንግሥትም የሰነዱ ተዋዋይ አልነበረም። አራቱ ሴቶች ወራት ቆይተው ጠረጴዛው ዘንድ ሲደርሱ ወታደሮቹ የሚወጡበት ቀን ተቆርጦ፣ የእስረኞች ልውውጥ ተወስኖ፣ የንግግሩ ቅርጽ በሌሎች ተበጅቶ ነበር። በጁን መጨረሻ 2024 በተባበሩት መንግሥታት ጠሪነት በተደረገው ሦስተኛው የዶሃ ስብሰባም ታሊባን በተገኘበት ዋና ጉባኤ የአፍጋኒስታን ሴቶች አልነበሩም፤ የተባበሩት መንግሥታትና የአገሮች ተወካዮች የተገናኟቸው ጉባኤው ካለቀ በኋላ ለብቻ ነው። ሴቶች በሰላም ድርድር እንዲሳተፉ የሚጠይቀው የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 1325 ከወጣ ሃያ አራት ዓመት ሊሞላው ወራት ሲቀሩት መሆኑ ነው። አሁን የእኛን አባሪ እዩት፤ አሥራ አንድ ጥያቄዎች ተጽፈዋል፤ አንዱም ከእነርሱ አልመጣም። ሌላው ዶሃ ላይ ያደረገውን እኛ በትንሹ እየደገምነው ነው። አባሪው ይውጣ፤ ጥያቄዎቹን እነርሱ ያርቅቁ፤ እኛ አስተያየት እንስጥ።

ሁለተኛው ነጥቤ ስለ ሰላም ግንባታ ነው። ዛሬ እንደ 2020ው ያለ ድርድር የለም፤ የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ግን በጁላይ 2025 በጾታ ምክንያት በሚፈጸም ስደትና በደል ተጠርጥረዋል ባላቸው በሁለት የታሊባን መሪዎች ላይ የእስር ማዘዣ አውጥቷል፤ አራት መንግሥታትም በሴቶች መብት ስምምነቱ መሠረት አፍጋኒስታንን ለመክሰስ በ2024 መንገዱን ጀምረዋል። ስለዚህ የሚሰበሰበው ቃል አንድ ቀን ማስረጃ እንዲሆን ሊፈለግ ይችላል። ለጥናት ብላ የተናገረች ሴት ቃሏ ያለ ፈቃዷ ለፍርድ ቤት ሊሰጥ አይገባም፤ ሁለቱ ፈቃዶች ለየብቻ ይጠየቁ፤ ይህም በውሉ ይስፈር።

ሰብሳቢ፦
ሁሉንም በጥሞና ተመልክቼዋለሁ። የሚቃወም አባል ከሌለ የረቂቁ ሦስተኛ አንቀጽ እንደሚከተለው ይተካል፦ «የምርምር ጥያቄዎችን የሚያወጡት፣ የመረጃው ባለቤቶችና የጥናቶቹ ቀዳሚ ደራሲዎች የአፍጋኒስታን ሴት ተመራማሪዎች ናቸው። ማኅበሩ የገንዘብ አስተዳደርን፣ የአርትዖትና የኅትመት ሥራን፣ እንዲሁም ውጤቱን ለመንግሥታትና ለአደራዳሪዎች የማድረስን ኃላፊነት ይወስዳል።» የሥልጠናው ገንዘብ ወደ ደመወዝ ይዛወራል። ጉባኤው አንድ ጊዜ ብቻ ሆኖ የቪዛ ችግር በማይበረታበት አገር ይደረጋል፤ የት እንደሚሆን አጋሮቻችን ይምረጡ። ጥናቶቹ በዳሪና በፓሽቶም ይውጡ የሚለውን የሁለት አባላት የቃል ሐሳብ ጨምሬዋለሁ።

ጸሐፊ፦
በቃለ ጉባኤው ተይዟል። ያልተቋጨው የመረጃው ማስቀመጫ ነው፤ የመስክ ጥናት ባለሙያዋ በአንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ይቀመጥ ይላሉ፣ የሕግ ባለሙያው ደግሞ የዚያ አገር ፍርድ ቤት በትእዛዝ ሊወስደው ይችላል ብለው ይሠጋሉ። የሁለቱም ሐሳብ በጽሑፍ ለአጋሮቻችን ይላክላቸውና መልሳቸው ሳይደርስ ሰነዱ ለለጋሽ እንዳይወጣ።

የሂሳብ ሹም፦
የትርጉም ወጪው በበጀቱ ስለሌለ እስከ ዓርብ ጨምሬ እልካለሁ።