የሕዝብ ዜማ በትምህርት ቤት ባንድ፦ ከበሮው ማርሽ፣ ዜማው መዝሙር እየሆነብን ነው

የሱሉልታ መምህር
ሰላም ወገኖች። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ባንድ አለን፦ 6 ትራምፔት፣ 7 ክላርኔት፣ 4 አልቶ ሳክስፎን፣ 3 ትሮምቦን፣ 2 ፍሉት፣ አንድ ትልቅ ከበሮና አንድ ስኔር (ከሥሩ ሽቦ ያለው ትንሽ ከበሮ)። ለሰኔው የዓመት መዝጊያ «አበባየሆሽ»ንና «ሆያ ሆዬ»ን በቢ ፍላት ጻፍኩና ከሥር የቢ ፍላት፣ የኢ ፍላትና የኤፍ ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ኖታዎች) ሰጠሁ። ዜማው መዝሙር መሰለ፣ ስኔሩም የወታደር ሰልፍ ማርሽ ሆነ። በሳምንት ያለን ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ 40፣ 40 ደቂቃ ነው። ምኑን ላስተካክል?

ባለ ክላርኔት
መምህር፣ ችግሩ ኮርዱ ነው። ዜማው ሜጀር ትዝታ በሚባለው ቅኝት ላይ ከተቀመጠ በቢ ፍላት ያሉት ኖታዎች አምስት ናቸው፦ ቢ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ጂ። የኢ ፍላት ኮርድ ኢ ፍላትን፣ የኤፍ ኮርድ ደግሞ ኤን ይዞ ይገባል፤ ሁለቱም የቅኝቱ አይደሉም። ከአምስቱ ኖታ የሚወጣው ሙሉ ኮርድ ቢ ፍላት ሜጀርና ጂ ማይነር ብቻ ነው። እኔ እነሱንም እተዋቸው ነበር።

ትሮምቦኖቹ ቢ ፍላትንና ኤፍን ይዘው ይቆዩ። ሁለቱም አንደኛ ፖዚሽን (ስላይዱ፣ ማለትም ተንሸራታቹ ቱቦ፣ ያልተገፋበት ቦታ) ላይ ስለሆኑ ለጀማሪ ቀላል ነው። ዜማውን ከሰጧቸው ግን ዝቅተኛው ሲ ስድስተኛ ፖዚሽን ላይ ነው፤ የልጅ እጅ እዚያ ስለማይደርስ ኖታው ከትክክለኛው ቃና ከፍ ብሎ ይወጣል።

እነዚህ መሣሪያዎች የሚጻፍላቸው ኖታ ከሚሰማው ስለሚለይ፣ ለእነዚያው አምስት ኖታዎች ትራምፔትና ክላርኔት የሚያነቡት ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ አልቶ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ። ክላርኔቱ ከታችኛው ሲ ተነስቶ እስከ ኤ ድረስ ሬጅስተር (የድምፅ ክልል) ሳይቀይር ይጫወታል። ዜማው ወደ ላይኛው ሲ ከወጣ ግን መጮህ ይጀምራል፤ ያንን ሐረግ ለፍሉትና ለአልቶ ይስጡት።

ከበሮ ከበሮ
የስኔሩን የሥር ሽቦ ይፍቱት፣ ግማሹ ማርሽ ያኔ ይጠፋል። የቀረውን ግማሽ የሚያጠፋው አቆጣጠር ነው። ችክችካ፣ ማለትም የዘፈኑ የጭፈራ ምት፣ በስድስት ይቆጠራል፦ እግር 1 እና 4 ላይ፣ ጭብጨባ 1፣ 3፣ 4 እና 6 ላይ፤ ረጅም አጭር፣ ረጅም አጭር። ማርሽ የለመደ ልጅ አጭሯን ምት ወደ መሐል ይስብና ሁሉንም እኩል ያደርጋል፣ ሳያስበው 2/4 (የማርሹ ምት) ይገባል። ቀስ ብላችሁ አስቆጥሩ፤ ፍጥነት የሚጨመረው ሁሉም እየዘፈነ ማጨብጨብ ሲችል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች መሣሪያ ከሳጥን ባይወጣ ጥሩ ነው።

ባህላዊ ከበሮ ከተገኘ ሰፊው ፊት 1 እና 4ን፣ ጠባቡ አጭሯን ምት ይያዝ። ካልተገኘ ትልቁን ከበሮ በጨርቅ አፍኑት።

አውጪ
ከሁለቱ ምክሮች ላይ አንድ ልጨምር፦ ሁሉም መሣሪያ ዜማውን ከዳር እስከ ዳር ከተጫወተ አውጪና ተቀባይ የለም ማለት ነው። «አበባየሆሽ» ሲባል «ለምለም» የሚል ይኖራል፤ «ሆያ ሆዬ»ም «ሆ!» ካልተባለ ዘፈን አይደለም። አንድ ትራምፔት ያውጣ፣ ባንዱ ይቀበል፤ በሚቀጥለው ዙር ለአንድ አልቶ ይዙር። የተለመደው ስህተት ተቀባዩ «ሆ»ን አስረዝሞ የአውጪውን ቀጣይ ሐረግ መዋጡ ነው። ኖታዋን አጭር አድርጋችሁ ጻፉ፣ ቀጥሎም ዕረፍት ጨምሩ።

«ሆያ ሆዬ» የቡሄ ስለሆነ ሌላ እምነት ያለው ወላጅ ሊጠይቅ ይችላል፤ አስቀድሞ ማነጋገር ነው። ሱሉልታ ላይ ደግሞ አንድ የኦሮምኛ ዜማ ያልገባበት ፕሮግራም ጎዶሎ ይመስለኛል፤ ቃሉን ልጆቹ ራሳቸው ያስተምሯችሁ።

የጠዋቱንም ብርድ አትርሱ። የቀዘቀዘ መሣሪያ ድምፁ ይወርዳል፤ በትንፋሽ ሳይሞቅ ካስተካከላችሁት ሲሞቅ እንደገና ይበላሻል።

የሱሉልታ መምህር
አመሰግናለሁ። ዜማው ትዝታ መሆኑን እንዴት ላረጋግጥ? ልጆቹ የሚዘፍኑት እንደየሰፈሩ ይለያያል።

ባለ ክላርኔት
ልጆቹ የሚዘፍኑትን በስልክ ቅዱና ማረፊያውን ኖታ ፈልጉ፤ ያንን ቢ ፍላት በሉት፣ ከዚያ የሚሰሙትን ብቻ ጻፉ። ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ኤ ከወጣ ሜጀር ባቲ የሚባለው ቅኝት ነው፤ ያኔ ሲ እና ጂ ይሰረዛሉ፣ ያባረርናቸው ኢ ፍላትና ኤ ይመለሳሉ። የትሮምቦኑ ቢ ፍላትና ኤፍ ግን በሁለቱም ቅኝት ይሠራል። አምባሰል የሚባለውን ቅኝት ለጊዜው ተዉት። ትራምፔቱ የሚያነበው ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ይሆናል፤ ታችኛው ዲ ፍላት ሦስቱንም ቫልቭ (የሚጫኑ ቁልፎች) ስለሚጠይቅ ቃናው በጣም ከፍ ይላል፣ የሦስተኛውን ቫልቭ ስላይድ መግፋት ያልለመደ ልጅ አያስተካክለውም።