የጣና ገዳማትን በጂኦፓይ ስፈልግ ሌላ ከተማ ይወስደኛል

የሽምብጥ ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። ባሕር ዳር ውስጥ እንግዳ በጀልባ ከሚያመላልሱ ሰዎች ጋር ነው የምሠራው። የገዳማቱን ስም ፋይል ላይ ጽፌ፣ በፓይተን፣ በጂኦፓይ (የቦታ መገኛ በሚፈልግ የፓይተን መሣሪያ) በኩል ኖሚናቲምን (ኦፕንስትሪትማፕ በተባለው ነጻ ካርታ ላይ ቦታ የሚፈልገውን አገልግሎት) መገኛቸውን እየጠየቅሁ ካርታ ላይ ማውጣት ፈለግሁ፤ ክብራን ገብርኤል፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ናርጋ ሥላሴ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ እያለ ይቀጥላል። አንዳንዱ ስም ሌላ ከተማ ያለ ቤተ ክርስቲያን ያወጣልኛል፤ አንዳንዱ ደግሞ ባዶ ይመለሳል። የማስኬደው በሬትሊሚተር (በጥያቄዎቹ መካከል ፋታ በሚሰጠው የጂኦፓይ መሣሪያ) ነው። ጀልባ ነጂዎቹ አምነውኛልና ካርታው ትክክል እንዲሆን በጣም እፈልጋለሁ። እባካችሁ እርዱኝ።

ካርታ ወዳድ፦
ወንድሜ፣ ገብርኤልና ሥላሴ የሌሉበት ከተማ የት አለ? ስሙን ብቻ ከሰጠኸው የመሰለውን ነው የሚያመጣልህ። ጂኦኮድን (ቦታ የሚፈልገውን ትእዛዝ) ስትጠራ ቪውቦክስ (የፍለጋውን ሳጥን) ጨምርበት፤ የደቡብ ምዕራቡን ጫፍ 11.5፣ 36.9፣ የሰሜን ምሥራቁን 12.4፣ 37.7 በለው። ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ ሐይቁ ከነዳርቻው ይገባልሃል። ባውንድድን (ፍለጋውን በሳጥኑ የሚገድበውን) ትሩ ማድረግ ግን እንዳትረሳ፤ አለበለዚያ ከሳጥኑ ውጭ ያለውንም ያመጣል።

የባዶው ነገር ጠንከር ይላል። ሬትሊሚተር ስህተት ሲገጥመው ደጋግሞ ሞክሮ ካልሆነለት ኖን (ባዶ) መልሶ ያልፋል። ስለዚህ «ቦታው ካርታው ላይ የለም» እና «ኔትወርክ ተቋረጠ» አንድ ሆነው ይታዩሃል። ስዋሎው ኤክሴፕሽንስን (ስህተቱን የሚውጠውን ቅንብር) ፎልስ አድርገው፣ ስህተቱ ራሱን ይገልጥልሃል። ታይምአውቱ (መልስ የሚጠብቅበት ጊዜ) ካልነካኸው 1 ሰከንድ ነው፤ 10 አድርገው። በሰከንድ ከ1 ጥያቄ በላይ መላክ በኖሚናቲም ደንብ ክልክል ነው። ዩዘር ኤጀንቱ (ጥያቄው ከማን እንደመጣ የሚናገረው) የራስህን ፕሮግራም ስም ይያዝ። ያገኘኸውንም አስቀምጥ፣ ያንኑ ደግመህ አትጠይቅ።

የዘጌዋ፦
ካርታ ወዳድ ያለው ልክ ነው፤ እኔን ግን የሚያሳስበኝ መጠጊያው ነው። ደቅን ስትጠይቅ የሚመጣልህ የደሴቲቱ መሐል ነው እንጂ ጀልባ የሚጠጋበት ዳር አይደለም፤ ናርጋ ሥላሴ ደግሞ ያለው በደሴቲቱ ምዕራብ በኩል ነው። በጂኦዴሲክ ርቀት ብታሰላም የዘጌን ምድር አቋርጦ በቀጥታ ይለካልሃል። ጀልባ ጫካ አያቋርጥም፣ በእሱ ነዳጅ እንዳታሰላ። ነጂዎቹን ይዘህ ሂድ፤ እያንዳንዱ መጠጊያ ላይ ቆመህ በስልክህ ጂፒኤስ ውሰድና ኦፕንስትሪትማፕ ላይ አስገባው። አካውንት የከፈተ ሁሉ ማስገባት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ኖሚናቲምም ያገኘዋል። እኛ የዳርቻው ሰዎች ካላስገባነው ማን ያስገባልናል? ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት እንደማያስገቡም ካርታው ላይ ጻፍልን፤ እህቶቻችን ገንዘብ ሳይከፍሉ በፊት ይወቁት።

የሽምብጥ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ባውንድዱ ሠርቷል። መጠጊያዎቹንም ከነጂዎቹ ጋር እንጀምራለን። አንድ ነገር ቀረኝ፤ ለድረ ገጹ ጂኦጄሰን (የካርታ ነጥቦች የሚጻፉበት የፋይል ዓይነት) ሳወጣ ነጥቦቹ ሁሉ በሲሲሊና በቱኒዚያ መካከል ባሕር ላይ ወደቁ።

ካርታ ወዳድ፦
ጂኦፓይ ኬክሮስን ያስቀድማል፣ ጂኦጄሰን ደግሞ ኬንትሮስን። 11.6፣ 37.4 ብለህ ስትጽፍለት 11.6ን ኬንትሮስ አድርጎ ነው የሚያነበው። 37.4፣ 11.6 ብለህ ገልብጠው፣ ባሕር ዳር ይመለሳል።