ለፖስትማስተር እና ለአቢዩዝ አድራሻ የሚመጣውን ስፓም እንዴት ልቀንስ?

ሰላም ለሁላችሁ። በራሴ ዶሜን የግል ሜይል ሰርቨር አለኝ፤ ዴቢያን (ሊኑክስ) ላይ ፖስትፊክስ (ሜይል የሚቀበልና የሚልክ)፣ ዶቭኮት (ሳጥኑን የሚያስነብብ) እና አርስፓምዲ (ስፓም የሚያጣራ) ነው የምጠቀመው። በስሜ ያለው አድራሻ ደህና ነው። ያስመረረኝ ፖስትማስተር (የሜይል ችግር የሚነገርበት)፣ አቢዩዝ (ስለ ስፓምና ስለ ጥቃት አቤቱታ የሚላክበት)፣ ኢንፎ እና አድሚን በሚሉት አድራሻዎች ላይ የሚዘንበው ስፓም ነው። «የኢሜይል ሳጥንዎ ሞልቷል፣ እዚህ ይጫኑ» የሚለው ይበዛል፤ ላኪውንም የራሴን ዶሜን ያስመስሉታል።

ኢንፎን እና አድሚንን ከአሊያስ ፋይሉ (አድራሻን ወደ ሳጥን ከሚመራው ዝርዝር) አውጥቼ ሰርቨሩ 550 (አድራሻው የለም የሚል እምቢታ) እንዲመልስ ስላደረግሁ ከእነሱ ተገላግያለሁ። ፖስትማስተርን ግን አርኤፍሲ 5321 (የኢሜይል አላላክ ደንብ ሰነድ) ግዴታ ያደርገዋል። አቢዩዝም በ1997 በወጣው አርኤፍሲ 2142 ውስጥ ተዘርዝሯል፤ ደግሞ ሰርቨሬ ተጠልፎ ስፓም ቢልክ ሰዎች የሚነግሩኝ በዚያ ስለሆነ ልዘጋው ፈጽሞ አልፈልግም።

ለእነዚህ ሁለቱ ብቻ የአርስፓምዲን ነጥብ (ስፓም ነው የሚያሰኘውን ወሰን) ማጥበቅ ይሻላል ወይስ ግሬይሊስቲንግ (የማይታወቅ ላኪን ለጊዜው መልሶ፣ ደግሞ ሲልክ መቀበል)? የአቢዩዝ ሪፖርት የስፓሙን ናሙና አያይዞ ስለሚመጣ ማጣሪያው እውነተኛውን አብሮ እንዳይጥልብኝ እሰጋለሁ። ሳይገባ (ያለ ፓስዎርድ) በራሴ ዶሜን ስም ከውጭ የሚልከውንስ ፖስትፊክስ ገና በሩ ላይ እንዲመልሰው ምን ላድርግ? የሞከራችሁት ካለ እባካችሁ የኮንፊገሬሽኑን መስመር ጭምር ጻፉልኝ።