«የድንጋይ ጋን» እንዴት ያለ ጋን ነው?

ቃል ፈላጊ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ቁጥር 6 ላይ፣ በቃናው ሰርግ ቤት «አይሁድም እንደሚያደርጉት የማንጻት ልማድ ስድስት የድንጋይ ጋኖች» ተቀምጠው ነበር ይላል። እኔ ጋን ሲባል የማውቀው ሸክላውን ነው፤ ጠላ የሚጠመቅበትን፣ ተከድኖ አፉ በጭቃ የሚመረገውን። «ጋን በጠጠር ይደገፋል»፣ «የጋን መብራት»፣ «ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ» ስንልም ያንኑ ነው። ከድንጋይ ወፍጮና መጅ ሲወጣ አይቻለሁ፣ ጋን ግን አላየሁም። ተርጓሚዎቹ ምን ሊሉ ፈልገው ነው? «ማንጻት» የሚለውስ ማጠብ ማለት ነው ወይስ ሌላ?

ቅርስ ወዳድ፦
ተርጓሚዎቹ ልክ ናቸው፤ ግሪኩም የድንጋይ ነው የሚለው። ዕቃው ራሱ ዛሬም በዓይን ይታያል። በኢየሩሳሌም አሮጌው ከተማ፣ በአይሁድ ሰፈር፣ ናህማን አቪጋድ እ.ኤ.አ. በ1970 ቆፍሮ ያወጣው «የተቃጠለው ቤት» የሚባል አለ። ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ70 ዓመት ከተማዋን ሲያቃጥሉ አብሮ የነደደ ቤት ነው። ከአመዱ ሥር የድንጋይ ጠረጴዛ፣ የድንጋይ ኩባያ፣ የድንጋይ ጋን ወጣ። ጋኑ ከአንድ ወጥ ድንጋይ ተፈልፍሎ የተሠራ ነው፤ የዚህ ዓይነቶቹ ቁመት ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ከታች እንደ ዋንጫ እግር አለው፣ ሆዱንና አፉን ደግሞ በመቅረጫ የተዞሩ መስመሮች ይከቡታል። የአይሁድ ሊቃውንት የቃል ሕግ የተሰበሰበበት ሚሽና የተባለው መጽሐፍ «ቃላል» የሚለው ዕቃ ይህ እንደሆነ ተመራማሪዎች ይናገራሉ።

ለምን ድንጋይ ተፈለገ? መልሱ ዘሌዋውያን 11 ላይ ነው። የሞተ አይጥ ወይም እንሽላሊት ዕቃ ላይ ቢወድቅ ዕቃው ይረክሳል። ቁጥር 32 የእንጨቱን፣ የልብሱን፣ የቁርበቱን፣ የከረጢቱን ጠርቶ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይንጻ ይላል። ሸክላው ላይ ሲደርስ ግን ይሰበር ነው የሚለው። ዘኍልቍ 31 ደግሞ ብረታ ብረቱን ይጨምራል። ድንጋይ ከነዚህ ዝርዝሮች በአንዱም አልተጠራም። ሊቃውንቱ የድንጋይ ዕቃ ርኩሰት አይቀበልም ያሉት ከዚህ ተነሥተው ነው። እንግዲህ ሸክላ ጋን ያላት ባለቤት አንዲት አይጥ ገብታ ብትሞትባት ውሃውንም ጋኑንም ታጣለች፤ የድንጋይ ጋን ያላት ከዚህ ሥጋት ታርፋለች።

ይህን ሳነብ በጣም የገረመኝ፣ ሚሽና ከድንጋይ ጋር አብሮ የሚጠራቸው ሁለት ዓይነት ዕቃዎች ናቸው፦ የእበት ዕቃና እሳት ያልነካው የጭቃ ዕቃ። እነሱም አይረክሱም። በዚያ ሕግ ብንሄድ የእኛ የጭቃና የእበት ጎታ ከድንጋዩ ወገን ይቆማል፣ እሳት የገባው ጋን ግን የሚሰበር ይሆናል።

የመሪጌታ ልጅ፦
ወንድማችን ያስረዱት ግሩም ነው፤ እኔ «ርኩስ» የምትለዋን ላንሣ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እሷ ላይ ነውና። ዛሬ «አንተ ርኩስ!» ስድብ ነው፣ «ርኩስ መንፈስ» ሰይጣን ነው። ገበያ ላይ ደግሞ «ጤፍ ረከሰ» ብለን ዋጋው ወረደ ማለታችን ነው። በኦሪት ግን ርኩስ መሆን ኃጢአት መሥራት ማለት አይደለም። የወለደች ሴት ትረክሳለች፤ መውለድ በደል ሆኖ አይደለም። አባቱን በእጁ የቀበረ ልጅ ሰባት ቀን ርኩስ ነው፤ ባይቀብረው ግን ነውር በሆነበት። ርኩስ ማለት ለጊዜው ወደ መቅደሱና ወደ ተቀደሰው ነገር የማይቀርብ ማለት ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ውሃ ነክቶት፣ ፀሐይ ጠልቃ ይወጣል። «ነጻ» የምትለዋም ከዚሁ ናት፤ ወንጌሉ «ለምጹ ነጻ» ሲል ታጠበለት ማለቱ አይደለም፣ ወደ ሰው መሐል የሚመለስ ሆነ ማለቱ ነው። በእኛም ቤተ ክርስቲያን ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና የሚነሡት ከዘሌዋውያን 12 ቀን አቆጣጠር ነው።

ሐኪም ነኝ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ነገሩን ከሚገባው በላይ አላከበድነውም? ድንጋይ ሽታ አይዝም፣ ለማጠብም ይመቻል። ስለ ንጽህና ያወጡት የጤና ሕግ ይመስለኛል።

ቅርስ ወዳድ፦
ዶክተር፣ ሐሳቡ የብዙ ሰው ነው፤ ቁፋሮው ግን አይደግፈውም። ለስላሳ የኖራ ድንጋይ ነው፣ ወደ ጠመኔ የቀረበ፤ ፈሳሽ ይመጥጣል፣ ከላዩም ይፈረፈራል። ለማጠብ ቢሆን ኖሮ ብርጭቆ ይሻል ነበር፤ ሊቃውንቱ ደግሞ ብርጭቆን ከሚረክሱት ጋር ቆጠሩት።

ይበልጡን የሚናገረው ለመንጻት የሚጠለቅበት ገንዳ ነው። በይሁዳ፣ በገሊላና በአካባቢው ከ850 በላይ ደረጃ ያላቸው ገንዳዎች ተመዝግበዋል። ዐለት ውስጥ ተፈልፍለው ውሃ በማያሳልፍ ልስን የተለሰኑ ናቸው፤ ደረጃው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልቶ እስከ ታች ይወርዳል። ለውሃ ማጠራቀሚያ ብቻ የሚሠራ ሰው ይህን ያህል ቦታ ለደረጃ አይሰጥም፤ ሰው ጠልቆ እንዲወጣበት የተሠራ ነው። ውሃው ደግሞ ዝናብ በቦይ ራሱ ፈስሶ የሞላው እንጂ በእንስራ የተቀዳ መሆን የለበትም፤ መጠኑም ቢያንስ 40 ሰአህ ነው፣ እንደየስሌቱ ከ330 እስከ 570 ሊትር ግድም። ማስወጫ ስለሌለው ክረምት የገባው ውሃ በጋውን ሙሉ እዚያው ይቆማል። ይህ የጤና ውሃ ነው ቢሉኝ ይከብደኛል። በኢየሩሳሌም የባለጸጎች ቤት ደግሞ ከገንዳው ጎን ለብቻው መታጠቢያ ክፍል ይገኛል። እድፉን እዚያ አራግፎ፣ ርኩሰቱን እዚህ ይተዋል። ሁለቱ አንድ ቢሆኑ ሁለት ክፍል ባላስፈለገ።

አንዳንዱ ደረጃ ላይ መሐሉን ለሁለት የሚከፍል ዝቅ ያለ ግንብ አለ። ሚሽና በሸቃሊም ክፍሉ፣ በኢየሩሳሌም ወደ መጥለቂያው በሚያወርደው መንገድ የተገኘ ዕቃ ርኩስ፣ በሚያወጣው የተገኘ ንጹሕ ነው ይላል፤ መውረጃውና መውጫው አንድ አይደለምና። ያን ግንብ ከዚህ ቃል ጋር የሚያገናኙት ብዙ ናቸው። እኔም አምናለሁ፤ ርኩስ ሆኖ በወረደበት በኩል ነጽቶ መውጣት ትርጉም የለውማ።

ዕድሜው ነው ሌላው ትልቅ ነገር። ዮናታን አድለር የተባለው አርኪዮሎጂስት እንደሚያሳየው፣ እነዚህ ገንዳዎች መታየት የሚጀምሩት ከሄሮድስ በፊት በይሁዳ በነገሡት በሐስሞናውያን ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ወይም ከዚያ ወዲህ ነው። የድንጋይ ዕቃው ደግሞ የሚበዛው በሄሮድስ ዘመን ነው። ጽሑፉ ሕጉን ያሳየናል፤ ተራው ሕዝብ በየመንደሩ መቼ ይዞ መኖር እንደጀመረ ግን ልስኑና ስብርባሪው ባይገኝ ማን ይነግረን ነበር?

የደሴው፦
ማሻአላህ። በዕብራይስጡ «ጦሆራ» የሚባለው መንጻት እኛ ሙስሊሞች «ጦሃራ» የምንለው መሆኑ አይጠረጠርም፤ ሥሩ አንድ ነው። እኛም ጋ ልብሱ ያማረ፣ ገላው የታጠበ ሰው ጦሃራ የሌለው ሊሆን ይችላል። ለዶክተርም ይህ ይገባቸዋል ብዬ ነው።

የአሽዶዷ፦
ያ የመንጻት ገንዳ በዕብራይስጥ ሚቅዌ ይባላል፤ ቃሉ ራሱ የውሃ መከማቻ ማለት ነው። አማርኛው ዘፍጥረት 1፥10 ላይ «የውኃ መከማቻውንም ባሕር አለው» ሲል ዕብራይስጡ ያለው ቃል ይኸው ነው፤ ዘሌዋውያን 11፥36ም ላይ ከምንጭና ከጕድጓድ ጋር ተጠርቷል። ለአማርኛ ጽሑፍ «የመንጻት ገንዳ» ቢባል ይበቃል፣ «የጥምቀት ገንዳ» ግን ሌላ ነገር ያመጣል።

የቤተ እስራኤል እናቶቻችን ጎንደር ሳሉ የተፈለፈለ ገንዳ አልነበራቸውም፤ ወንዝ ነበራቸው። የወር አበባ የመጣባት ሴት ከመንደሩ ዳር «የመርገም ጎጆ» ወይም «የደም ጎጆ» በሚሉት ቤት ትቆያለች፤ ሰባቱ ቀን ሲሞላ ወንዝ ወርዳ ገላዋንም ልብሷንም አጥባ፣ ሲመሽ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ከውጭ ሰው ከነካቸውም በኋላ ይታጠቡ ስለነበር ጎረቤት «አትንኩኝ» ይላቸው ነበር፤ «ውሃ ውሃ ይሸታሉ» የሚልም ነበር። የሚገርመው፣ ሸክላ ሠሪዎቹም እነሱው ነበሩ። እዚህ እስራኤል ሲመጡ «እንደገና በሚቅዌ ንጹ» ተባሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ኢየሩሳሌም ዋናው ረቢነት (የአይሁድ ሃይማኖት ከፍተኛ መሥሪያ ቤት) ፊት ለፊት ሳምንታት ተቀምጠው እምቢ ያሉት፣ ያ ሁሉ ዘመን በውሃ የኖሩ ሰዎች ስለሆኑ ነው። ይህን ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም።

ቃል ፈላጊ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴም ወንድሞቼም። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ የቃናዎቹ ጋኖች ታዲያ ከየት የመጡ ይመስላችኋል?

ቅርስ ወዳድ፦
ናዝሬት አጠገብ፣ ሬይና በምትባል ከተማ ዙሪያ፣ ዋሻ ውስጥ የድንጋይ ዕቃ መሥሪያዎች ተገኝተዋል። እዚያ የወደቀው ትርፍራፊ ሁሉን ይናገራል፦ በማሽከርከሪያ ከኩባያውና ከሳህኑ ሆድ ተቀርጾ የወጣው ድቡልቡል ድንጋይ፣ ሲሠራ ተሰንጥቆ የተጣለው ኩባያ። ይህ ግን ትንንሹ ዕቃ ነው። ትልልቁ ጋን በብዛት የሚገኘው ኢየሩሳሌምና ዙሪያዋ ነው። ወንጌሉ እያንዳንዳቸው «ሁለት ወይም ሦስት እንስራ» ይይዙ ነበር ሲል የግሪኩ መለኪያ አንዱ 40 ሊትር ገደማ ስለሆነ፣ አንዱ ጋን ከ80 እስከ 120 ሊትር ነው። ያን የሚያህል ድንጋይ ፈልፍሎ ስድስት ያስቀመጠ ሰው፣ ወይኑ ቢያልቅበትም፣ ደህና ሀብት ያለውና ሕጉን አጥብቆ የሚይዝ ሰው ነበር ባይ ነኝ።