ሃርትስ ኦፍ አይረን 4 ላይ ፈረሰኛ ጦሬ ለምን እንደ እግረኛ ይጎተታል?

የማራኪ ልጅ
ሰላም ጎበዝ እንዴት ናችሁ። ሃርትስ ኦፍ አይረን 4 (የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የስትራቴጂ ጌም) ላይ ኢትዮጵያን ይዤ ከ1936 ጀምሬ እየተጫወትኩ ነው (በነሱ አቆጣጠር ነው፣ በኛ 1928 መሆኑ ነው)። ጣሊያን በትግራይ በኩል ሲገፋኝ ከኛ ከጎንደር በኩል ፈረሰኛ ልኬ ጎኑን ልበለው አልኩ፣ ፈረሰኛ ፈጣን ነው መቼስ። ከዛ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ የጦሩን ጉዞ የምታሳየው ቀስት ተራራው ላይ ተንጠልጥላ ቀረች፣ ጣሊያን ሥራውን ጨርሶ እኔ ገና መንገድ ላይ ነኝ። ማውዙን ዲቪዥኑ (ክፍለ ጦሩ) ላይ ሳቆመው ፍጥነት 4 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይላል፣ የጓደኛዬ ፈረሰኛ ግን 6.4 ነው የሚለው፣ ያው ጌም ያው ሀገር። ውስጡ ያለው ስድስት ፈረሰኛ ሻለቃና ሁለት መድፍ ነው። ባግ ነው እንዴ? ደሞ እሺ 4 ይሁን፣ ቀንም ሌሊትም ከሄደ በቀን ወደ 96 ኪሎ ሜትር መሆን አልነበረበትም? እሱም አልሆነም። መብራት ሳይሄድ መልሱልኝ በናታችሁ።

አዘዞ 07
ባግ አይደለም ወንድሜ፣ መድፎችህ ናቸው። ዲቪዥን የሚሄደው ውስጡ ባለው በቀርፋፋው ሻለቃ ፍጥነት ነው፣ አማካይ ምናምን የለም። እግረኛ 4፣ ተጎታች መድፍ 4፣ ፈረሰኛ 6.4፣ በመኪና የሚሄደው እግረኛ 12። ስለዚህ ስድስት ፈረሰኛ ከተትክ ሃያ ከተትክ አንድ ተጎታች መድፍ ካለበት አለቀ፣ 4 ነህ። ዲቪዥን ዲዛይነሩን (ክፍለ ጦሩ ውስጥ ያለውን የምትቀይርበትን ገጽ) ክፈትና መድፎቹን ከሻለቃዎቹ መደዳ አውጥተህ በግራ በኩል ያለው ሰፖርት ካምፓኒ (የደጋፊ ክፍሎች መደዳ) ውስጥ አንድ የመድፍ ካምፓኒ አስገባ፣ እዛ ያለ ነገር ፍጥነት ላይ አይቆጠርም። አርሚ ኤክስፒሪየንስ (የጦሩን የልምድ ነጥብ) ይበላብሃል ግን ይገባዋል።

ጋሽ መምህር
አዘዞ የመጀመሪያውን በደንብ መልሶታል፣ እኔ ሁለተኛዋን ልያዝ። ያ 4 የተጻፈው ሜዳ ላይ፣ ደረቅ መሬት ላይ፣ ጥሩ መንገድ ላይ ለሚሄድ ጦር ነው ልጄ። ጌሙ ርቀቱን ከአንዱ ፕሮቪንስ (ካርታው የተከፋፈለባት ቁራሽ መሬት) መሃል እስከሚቀጥለው መሃል ይለካና ከዛ በኋላ ቅናሹን ይጀምርልሃል፣ ኮረብታ ይቀንሳል፣ ተራራ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፣ ወንዝ መሻገር ይቀንሳል፣ የመንገድ ልማቱ ዝቅ ባለ ቁጥር ይቀንሳል፣ ጭቃ ይቀንሳል፣ ስንቅ ካጠረህ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። 60 ኪሎ ሜትር የተራራ ፕሮቪንስ ብትወስድ እግረኛህ በሰዓት 2 ቢሄድ 30 ሰዓት ይፈጅበታል፣ ፈረሰኛህ በ3.2 ቢሄድ 19 ሰዓት አካባቢ፣ ይሄ እንግዲህ ሌላው ቅጣት ሳይጨመር ነው። ሊማሊሞን በመኪና የወረደ ሰው ይሄ አይገርመውም፣ ካርታ ላይ ጣትህን የምታክል ቦታ ናት።

እውነተኛው ጦርነትም ላይ ያው ነው የሆነው። መጋቢት 23 ቀን 1928 ጎንደር የገባው የጣሊያኑ የስታራቼ ጦር በካሚዮን ተጭኖ ከኦምሐጀር ተነስቶ ነው የመጣው፣ አሥራ ምናምን ቀን ነው የፈጀበት፣ ለዛ መንገድ ያ ፈጣን ነው። የጣሊያን ጦር አዛዡ ባዶሊዮ ግን ከደሴ ሚያዝያ 18 ተነስቶ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ነው፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው፣ ከሺህ በላይ መኪና ይዞ! በቀን 40 ኪሎ ሜትር። ዝናቡና ጭቃው፣ ጣርማበር ላይ ደግሞ መንገዱ ተቆርጦ ጠበቀው። በጌሙ ቋንቋ 12 የተጻፈበት ጦር በእግረኛ ፍጥነት ሄደ ማለት ነው።

የማራኪ ልጅ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ያስረዳኝ ሰው የለም። እኔ እኮ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ ነበር የማየው። ግን እንዲህ ከሆነ መድፍ ለምን ይያዛል? ፈረሰኛ ብቻ ሰርቼ አልጨርስም?

ቋረኛው
መድፍ ለምን ይያዛል ትላለህ፣ ጎንደር ፒያሳ የቆሙትን አባታችንን አጼ ቴዎድሮስን ጠይቅ 😂 መድፋቸው ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ ነበር የሚመዝነው። አጼ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ከደብረ ታቦር ተነስተው መቅደላ የገቡት በመጋቢት ነው፣ መድፉን በሰው እያስጎተቱ፣ ፊት ፊት ድንጋይ እየፈለጡ መንገድ እያስጠረጉ፣ የበሽሎን ገደል አውርደው አውጥተው። ሊወጋቸው የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ደግሞ ከቀይ ባሕር ዳር ከዙላ ተነስቶ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ሁለት ወር ተኩል አካባቢ ነው የፈጀበት፣ ከባድ መሣሪያውን 44 ዝሆን ከህንድ አምጥቶ ነው ያስጫነው። አስቡት እንግዲህ፣ ወጣት እያሉ ድንገት ደርሰው ሰው የሚያስደነግጡት መይሳው ካሳ በአንድ መድፍ ምክንያት በቀን አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚሄዱበት ቀን መጣ። ግን ጥለውት አልሄዱም፣ ቀድመውም ደረሱ።

እኔ ሜዲቫል 2 ነው የምጫወተው፣ እዛም ያው ነው፣ ካርታው ላይ መድፍ ያለበት ጦር የሚረግጣት ክብ ጥብብ ትላለች። እኔ የማደርገው ጦሩን ለሁለት እከፍላለሁ፣ ፈረሱ ቀድሞ ከተማውን ይከባል፣ መድፉ በሁለት በሦስት ተራ ይደርሳል። መንገድ ደሞ መጀመሪያ ስሩ፣ ሰው ሁሉ ቤተ መንግሥት ሲገነባ መንገድ ይረሳል።

አዘዞ 07
ለሁለት መክፈሉን እዚህ አልመክርህም። ፈረሰኛ ብቻውን ቀድሞ ደርሶ ከጣሊያን መድፍ ጋር ተፋጦ ኦርጉ (ኦርጋናይዜሽኑ፣ ቆሞ የሚዋጋበት አቅሙ) በግማሽ ቀን ነው የሚያልቀው፣ ከዛ ማፈግፈግ ነው። እኔ የምለው የሚደርሱበትን ሰዓት አይተህ ቀርፋፋውን ቀድመህ አስነሳ፣ ፈጣኑን አቆይ፣ እና እኩል ይግቡ። ኢዩ 4 (ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4 የሚባለው ጌም) ላይ እንኳ ይሄን ካላወቅክ ትበላለህ፣ እዛ ደሞ ግማሽ መንገድ ካለፍክ ጦሩ አልመለስም ይልሃል፣ ጠላት ስድሳ ሺህ ይዞ ሲመጣ እያየህ ትገባለህ።

ሸዋ ተጫዋች
ሲቪላይዜሽን 6 ላይ የኢትዮጵያ የኦሮሞ ፈረሰኛ ኮረብታ ላይ ቅጣት የለበትም፣ ሌላው ሁሉ ኮረብታ ስር ቆሞ ነጥብ ሲቆጥር እሱ ያልፋል። ይሄን ነገር እዚህም ማስገባት ነበረባቸው፣ የኛ ሰው ተራራ ላይ ተወልዶ እንዴት ከጣሊያን እኩል ይቀጣል?

ጋሽ መምህር
ልክ ነህ ግን ሰውዬው ብቻ አይደለም የሚሄደው። ድሮ የኛ ጦር ሲዘምት በቅሎው፣ አህያው፣ ስንቅ የምታዘጋጀው ሴት፣ ድንኳኑ ሁሉ አብሮ ነው የሚሄደው፣ ሙሉ ከተማ ማለት ነው። እነዛን ጌሙ አያሳይህም፣ ስንቅ የምትለዋ ቁጥር ውስጥ ጨፍልቆ ነው ያስገባቸው።

የማራኪ ልጅ
መድፎቹን አውጥቼ ሰፖርት ውስጥ ከተትኩ፣ አሁን 6.4 ይላል! ግን ትንሽ ከሄዱ በኋላ ዲቪዥኖቹ ላይ ቀይ ምልክት ወጣና እንደገና ቀዘቀዙ። ምንድነው እሱ ደሞ

አዘዞ 07
እሱ ስንቅ ነው፣ ጋሼ ከሁሉም የባሰ ነው ያሉህ። ሰፕላይ ማፑን (የስንቅ ካርታውን) ክፈት፣ አስራ ሁለት ዲቪዥን በአንድ ተራራ ላይ ከምረህ ይሆናል። ግማሹን ወደኋላ መልስና እንደገና እየው።