ከዲዩቲ በኋላ ያለው ዕረፍት ይቆጠር፦ በጋራ ሐሳባችን ረቂቅ ላይ የዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሐኪሞች የሥራ ሰዓትና ከዲዩቲ (ከመደበኛ ሰዓት ውጪ ካለ የተረኝነት ሥራ) በኋላ ስላለው ዕረፍት ለጤና ጽሕፈት ቤቶችና ለሆስፒታል አመራሮች የምናስገባውን የጋራ ሐሳብ እዚሁ እየተነጋገርን እንጻፈው። ለመነሻ አጭር ረቂቅ አስቀምጫለሁ።

«እያንዳንዱ ሆስፒታል የሐኪሞቹን ሳምንታዊ የሥራ ሰዓት ይመዘግባል። መዝገቡ በየወሩ ይታያል። ከሕግ ወሰን ያለፈ ሲገኝ ሜዲካል ዳይሬክተሩ ያስተካክላል።»

የጎደለውን ጨምሩ፣ የማይሆነውን አውጡ። በተለይ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ገላን፣ ለገጣፎና አቃቂ ያላችሁ ጻፉ። መንገዱ የሚረዝመው፣ የሚተካ ሰውም የሚቸግረው እናንተ ጋ ነው።

ጠቅላላ ሐኪም፣ ሰበታ፦ እናመሰግናለን ጸሐፊያችን። ረቂቁ እንዲሁ ከቀረ ግን ምንም አይለውጥም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ሰኞ ጠዋት 2:30 ሥራ ይጀመራል። ቀኑን ኦፒዲ (የተመላላሽ ታካሚዎች ክፍል) ነው። 11:30 ላይ ዲዩቲ ይቀጥላል፣ እስከ ማክሰኞ ጠዋት 2:30። ከዚያ ራውንድ፣ ማለትም የተኙ ታካሚዎችን እየዞሩ ማየት አለ። ራውንዱ ሲያልቅ ኦፒዲው ሞልቶ ይጠብቃል። ሐኪሙ እስከ 11:30 ከቆየ 33 ሰዓት ሆነ ማለት ነው።

ይህ 33 የሚባል ቁጥር ግን የትም ተጽፎ አይገኝም። መደበኛው ሰዓት የሰው ሀብት ጋ ነው። ዲዩቲው ለክፍያ ፋይናንስ ጋ ይሄዳል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ የሚደምር የለም። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ፕሮግራም ብቻ ያየ ተቆጣጣሪ ሁሉም ደህና ነው ብሎ ፈርሞ ይሄዳል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚቆጠረው ዕረፍቱ ይሁን። ሐኪሙ መቼ ወጣ? መቼ ተመለሰ? በመሀል ስንት ሰዓት አገኘ? ይህ ከተያዘ ሰዓቱን ለመደበቅ ያስቸግራል።

ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥን ሐኪም)፣ ማህፀንና ጽንስ፦ ልክ ነህ ዶክ። እኔ የምጨምረው መግቢያውን ነው። የታካሚው ደህንነት ከሁሉ ቀድሞ ይጻፍ። አለዚያ የክፍያ ጥያቄ ብቻ ተደርጎ ይወሰድብናል።

ማስረጃው በእጃችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ጥናት ለ17 ሰዓት ያልተኛ ሰው ንቃቱ የሚወርደው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ያለበትን ሰው ያህል ነው ይላል። 24 ሰዓት ሲሞላ ወደ 0.10 በመቶ ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚሠሩ ኢንተርኖች (ጀማሪ ሠልጣኝ ሐኪሞች) ተጠንተው ነበር። በተለመደው ረጅም ዲዩቲ ሲሠሩ የፈጸሙት ከባድ ስህተት፣ ዲዩቲው ካጠረላቸው ጊዜ በ36 በመቶ በልጦ ተገኘ።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ለሲ-ሴክሽን (በቀዶ ሕክምና ለማዋለድ) የተጠራ ሰው ይህን ያለ ጥናትም ያውቀዋል። እጅ ሥራውን ለምዶታል፣ አይጠፋውም። የሚከብደው ውሳኔው ነው። ይህችን እናት ትንሽ እንጠብቃት ወይስ አሁኑኑ ትግባ? የደከመ አእምሮ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። እባካችሁ ይህ ነገር በመግቢያው ላይ በደንብ ይብራራ።

የሕግ አማካሪ፦ «ከሕግ ወሰን ያለፈ» የሚለው ሐረግ ያጣላናል። የቱ ሕግ? የግል ሆስፒታል ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ሥር ነው። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም። በሳምንት አንድ ጊዜ ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት አለ። የ15 ሰዓት ዲዩቲ በ4 ሰዓት ጣሪያ ውስጥ እንደማይገባ ልብ በሉ።

የመንግሥት ሐኪም ግን በዚህ አዋጅ አይሸፈንም። በፌዴራል ደረጃ በአዋጅ 1064/2010 የነበረው ጣሪያ በሳምንት 39 ሰዓት ነው። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ገላንና ለገጣፎ በሸገር ከተማ ሥር ስለሆኑ የመንግሥት ሐኪሞቻቸው የኦሮሚያ ክልል ሠራተኞች ናቸው። አቃቂ ያሉት ደግሞ በአዲስ አበባ ይተዳደራሉ። በአንድ ማኅበር ውስጥ ሁላችንም በአንድ ሕግ አንዳኝም።

ስለዚህ የሕጎቹን ዝርዝር አባሪ እናድርገው። ሐሳቡ ላይ ለሁሉም የሚሆን አንድ ወለል እናስቀምጥ። የአውሮፓ ኅብረት የሥራ ሰዓት መመሪያ በየ24 ሰዓቱ ቢያንስ 11 ተከታታይ የዕረፍት ሰዓት ይላል። የኅብረቱ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2003 በሐኪሞች ጉዳይ በሰጣቸው ውሳኔዎች ሆስፒታል ውስጥ በተጠንቀቅ የሚቆይ ሐኪም ዲዩቲ ሩም (የተረኛ ማረፊያ ክፍል) ውስጥ ቢተኛም ሥራ ላይ ነው ብሏል። እኛን አያስገድድም፤ መከራከሪያ ግን ይሆነናል።

ሲስተር፣ ገላን፦ እኔ ነርስ ነኝ፣ ግን ጉዳዩ የእኛም ነው። ሐኪሙ ጠዋት ወጥቶ ይረፍ ማለት ቀላል ነው። ማን ይተካዋል? ሦስት አራት ሐኪም ያለበት ቦታ አንዱ ሲወጣ ያልታየው ታካሚ ሁሉ እኛ ላይ ይቀራል። ካርድ ይዞ የሚጮኸው ሰው የሚያገኘው ነርሷን ነው።

በግልጽ ይጻፍ። ፖስት ዲዩቲ የሆነው፣ ማለትም ዲዩቲ አድሮ የጨረሰው ሐኪም ርክክቡን እስከ ጠዋት 4 ሰዓት ይጨርስና ይውጣ። ርክክቡ አልጋ ላይ ባለው በሽተኛ አጠገብ፣ ነርሷ ባለችበት ይሁን። የዚያን ቀን ኦፒዲ ላይ የሚሰጠው ቀጠሮም አስቀድሞ ይቀነስ። ቀጠሮው ሳይቀነስ ሐኪሙ ቢወጣ ሕዝቡ ላይ መፍረድ ነው።

ሌላው መንገዱ ነው። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም እየኖሩ ሰበታ የሚሠሩ አሉ። 11 ሰዓት ስትሉ ታክሲ ጥበቃውንና መንገዱን ቀንሱለት። ስንት ቀረው?

ጠቅላላ ሐኪም፣ ሰበታ፦ ሲስተር፣ እውነትሽን ነው። መኪና ያለውም አይሻልም። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ጥናት ከ24 ሰዓት ያላነሰ ዲዩቲ ጨርሰው የሚነዱ ኢንተርኖች የመጋጨት ዕድላቸው ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። «ከሌሊት ዲዩቲ በኋላ መንዳት ለማይችል ሰርቪስ ወይም የማረፊያ አልጋ ይዘጋጅ» የሚል ይጨመር።

ክሊኒክ ያለው ሐኪም፣ ለገጣፎ፦ እኔ ደግሞ ማንም ያላነሳውን ላንሳ። እኔ ጋ ማታ ማታ የሚሠራ ወጣት ሐኪም አለ። በእኔ መዝገብ የሠራው 4 ሰዓት ብቻ ነው። ከመንግሥት ሆስፒታል ዲዩቲ ወጥቶ እንደመጣ ግን ዓይኑ ይናገራል። እዚያም ሕጋዊ፣ እዚህም ሕጋዊ፤ ሰውየው ግን አልተኛም። እያንዳንዱ ተቋም የራሱን ብቻ ከመዘገበ ቁጥጥሩ ባዶ ነው።

ከልክሉ አይደለም የምለው። የመንግሥት ደመወዝ የቤት ኪራይ አይሸፍንም። ይህን እያወቅን ሁለተኛ ሥራውን ብንዘጋበት በደል ነው፤ ደብቆም ይሠራል።

ሲኒየር ሐኪም፣ ውስጥ ደዌ፣ አቃቂ፦ ልጆቼ፣ ሁላችሁንም አንብቤያለሁ። የእኔ ስጋት መዝገቡ የመቅጫ ዱላ እንዳይሆን ነው። የጣት አሻራ ሲገባ ሐኪም ስንት ደቂቃ እንደዘገየ ይቆጠራል፤ ስንት ሰዓት አሳልፎ እንደሠራ ግን ማንም አያነሳውም። የምንጠይቀው መሣሪያ መልሶ እኛኑ ከመታን ምን አተረፍን?

እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመሩት አሠራር ጥሩ ትምህርት ነው። በሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም ከተመደበለት ሰዓት በላይ ከሠራ ወይም ዕረፍት ካጣ ራሱ ሪፖርት ያደርጋል። ሪፖርቱን የሚከታተል የሥራ ሰዓት ጠባቂ በየሆስፒታሉ ይሾማል። ጣሪያው ሲጣስ የሚቀጣው ክፍሉ ነው እንጂ ሐኪሙ አይደለም። እኛም ረቂቁ ላይ «ሜዲካል ዳይሬክተሩ ያስተካክላል» የሚለውን እናውጣው። ፕሮግራሙን የሚያወጣው ራሱ ነው፤ የራሱን ሥራ ራሱ እንዴት ይመረምራል?

ሬዚደንት፣ ማህፀንና ጽንስ፦ ዶክተር፣ እርስዎ ያሉት እኛን ታች ያለነውን በጣም ይጠቅመናል። ሪፖርት ያደረገ ኢንተርን በትምህርት ውጤቱ እንደማይነካ ግን በጽሑፍ ይረጋገጥልን። ያ ከሌለ ማንም ደፍሮ አይጽፍም።

የለገጣፎው ዶክተር ስላነሱትም አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የት የት እንደሠራን ማንም አይጠይቀን። ሥራ ስንረከብ አንድ ጥያቄ ብቻ እንመልስ፦ ከመጨረሻው ሥራህ ከወጣህ ስንት ሰዓት ሆነህ? መልሱ በመዝገብ ይፈረምበት። ከ11 በታች ከሆነ የሚያስረክበው ሰው ለኃላፊው ይደውል፣ ምደባው ይቀየር። የመንግሥትም የግልም ይህችን አንድ መስመር ቢይዙ ይበቃል።

ክሊኒክ ያለው ሐኪም፣ ለገጣፎ፦ ይህንን እኔ ጋ ነገውኑ መጀመር እችላለሁ። ተስማምቻለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ አሻሽዬዋለሁ።

«በሁለት ሥራዎች መካከል ቢያንስ 11፣ በሳምንት አንድ ጊዜ 24 ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍት ይኖራል። መደበኛ ሥራና ዲዩቲ በአንድ መዝገብ ይደመራሉ። ማንኛውም ሐኪም ሥራ ሲረከብ ያረፈበትን ሰዓት ይፈርማል። ፖስት ዲዩቲ የሆነ ሐኪም እስከ ጠዋት 4 ሰዓት አስረክቦ ይወጣል፤ የዕለቱ ቀጠሮም በዚያው ልክ ይቀነሳል። መዝገቡን የሚመረምረው ፕሮግራሙን የማያወጣ፣ ሐኪሞችና ነርሶች በጋራ የመረጡት ሰው ነው። ሪፖርት በማድረጉ የሚጎዳ ሐኪም አይኖርም። መዝገቡ ለደመወዝ ቅጣት አይውልም።»

የመንገዱ ጉዳይ አልተቋጨም። ሲስተር እንዳለችው ከሆነ 11 ሰዓቱ ወደ 13 ከፍ ይበል የሚሉ አሉ። እኔ በ11 ጀምረን ሰርቪሱን አጥብቀን እንጠይቅ ባይ ነኝ። በ13 ሰዓት ላይ ጸንተን ተተኪ ሐኪም ከጠፋ ሐሳቡ በሙሉ ውድቅ ይሆናል።

ሲስተር፣ ገላን፦ ይሁን፣ በ11 እንጀምር። ነገር ግን ከማስገባታችን በፊት በየቦታችን ለሁለት ሳምንት እውነተኛውን ሰዓት በወረቀት እንያዝ። ስም አይጻፍ፣ ክፍሉና ሰዓቱ ብቻ። ቁጥር ሳንይዝ ብንሄድ «ችግር የለም» ብለው ይመልሱናል።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ተቀብያለሁ። ቅጹን እኔ አዘጋጃለሁ፤ ሬዚደንቷ መግቢያውን፣ የሕግ አማካሪያችን አባሪውን ይጻፉ። የቡራዩ አባላት እስካሁን ድምፃችሁ አልተሰማም፤ እስከ ዓርብ ማታ አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ። ቅጹ ከሰኞ ጠዋት 2:30 ጀምሮ ይሞላል።